ጥፋቱ የልኩ ነው እንጂ የልብሱ አይደለም

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ያለ አንድ ጽሑፍ «የመካከለኛው መደብ ልብስ ማንም ላይ አያምርም» ይላል። ጸሐፊው መምህሩን፣ የባንክ ሠራተኛዋን፣ የመሥሪያ ቤት ባለሙያውን ከነሱፋቸው፣ ከነካኪ ሱሪያቸው፣ ከነጉርድ ቀሚሳቸው አንድ በአንድ ይዘረዝርና፣ እነዚህ ልብሶች በተፈጥሯቸው ቁመት ያሳጥራሉ፣ ሆድ ያጎላሉ፣ መልክ ያደበዝዛሉ ብሎ ይደመድማል። መፍትሔው ሁሉንም ትቶ ወደ ሀበሻ ልብስ መመለስ ነው ይላል። ያየው ነገር ውሸት አይደለም። ጧት በታክሲ ሰልፍ ላይ ከሚታዩት ሱፎች ብዙዎቹ ሰውነት ላይ በወጉ አልተቀመጡም። ምክንያቱን ግን ስቶታል፤ ምክንያቱ ሲሳት ደግሞ አንባቢው የወር ደመወዙን አውጥቶ ሌላ የማይሆነው ልብስ ይገዛል። ለዚህ ነው ነጥብ በነጥብ መመለስ ያስፈለገው።

የመጀመሪያው ነጥብ «ሱፍ ሰውን ሳጥን ያስመስላል» የሚል ነው፤ ትከሻው ይወድቃል፣ እጅጌው እጅን ይውጣል፣ ጀርባው ይታጠፋል። ይህ ሁሉ የሚመጣው ከሱፍ አቆራረጥ ሳይሆን ከተመረጠው ቁጥር ነው። ተሰቅለው ከሚሸጡት ሱፎች ብዙዎቹ፣ በተለይ የቱርክና የጣሊያን ሥራዎች፣ የአውሮፓን አቆጣጠር ይከተላሉ። በዚህ አቆጣጠር ቁጥሩ የደረት ዙሪያ ግማሽ ነው፤ 50 ቁጥር ኮት ደረቱ 100 ሴ.ሜ. ለሆነ ሰው ተቆርጧል። ከ50 ቀጥሎ 6 ተብሎ ከተጻፈ፣ ከ50 ላይ 6 ይቀነስና የወገቡ ግማሽ 44 ይሆናል፤ ሙሉ ወገቡ 88 ሴ.ሜ. ማለት ነው። ፋብሪካው ያሰበው ሰው እንግዲህ ደረቱ ከወገቡ በ12 ሴ.ሜ. የሚበልጥ ሰው ነው።

ዓመታት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሠራ፣ ደረቱም ወገቡም 100 የሆነ ሰው ሱቅ ሲገባ ምን ይሆናል? ሻጩ ሱሪው እስኪዘጋ ድረስ ቁጥር ይጨምርለታል። በዚሁ ስሌት 100 ሴ.ሜ. ወገብ ያለው ሱሪ የሚገኘው 56 ቁጥር ላይ ነው። ኮቱ ግን የተቆረጠው ደረቱ 112 ለሆነ ሰው ነው። ሱሪው ሆዱን ሲይዝ፣ የኮቱ ትከሻ በየጎኑ አልፎ ይወጣል፣ እጅጌው አውራ ጣት ላይ ይደርሳል፣ ደረቱ ባዶ ከረጢት ይሆናል። የሰው ወርቅ አያደምቅም። ይህን አይቶ «ሱፍ አያምርም» ማለት የቁጥር ምርጫን ስህተት በሱፉ ማሳበብ ነው።

መውጫው ይታወቃል። ኮት የሚመረጠው በትከሻ ነው፤ ሆድ ሁለተኛ ነው። ከደረቱ ቁጥር ቀጥሎ የሚጻፈው 4፣ 2 ወይም 0 የሆነ ሱፍ ለቦርጫም ሰው የሚቆረጥ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን መጠየቅ ነው። ካልተገኘ ኮትና ሱሪ ለየብቻ የሚሸጡበትን ቦታ መፈለግ፣ እሱም ካልሆነ ጨርቅ ገዝቶ ማሰፋት። ትከሻው ልክ መሆኑን ለመፈተሽ ኮቱን ለብሶ በጎን ወደ ግድግዳ ቀስ ብሎ መጠጋት ይበቃል፤ ክንድ ግድግዳውን ከመንካቱ በፊት የኮቱ የትከሻ ስፖንጅ ከነካ ኮቱ ሰፊ ነው። ይህ ፈተና የሚያስፈልገው ትከሻን ልብስ ሰፊው ቢነካው እንኳ በወጉ ስለማይመለስ ነው። እጅጌውን ሙሉ ለሙሉ ፈትቶ እንደገና መትከል ይጠይቃል፤ ዋጋውም አያዋጣም። ሌላው ግን ይስተካከላል፦ ወገቡን በጎንና በጀርባ ስፌት ከ3 እስከ 5 ሴ.ሜ. ማጥበብ፣ እጅጌውን ከጫፉ 2 ወይም 3 ሴ.ሜ. ማሳጠር። እጅጌው ላይ ያሉት ቁልፎች ለጌጥ ብቻ ከተሰፉ ሥራው ቀላል ነው፤ ቁልፍ ማስገቢያው በእውነት ከተቀደደ ግን ከታች ማሳጠር አይቻልም፣ ከትከሻ በኩል ነው የሚያጥረው። የኮቱን ቁመት ከ2 ሴ.ሜ. በላይ ማሳጠር አይመከርም፤ ኪሱ ወደ ጫፉ ይጠጋና ሚዛኑ ይጠፋል። የእጅጌው ልክ እጅ ሲንጠለጠል ከሥሩ 1 ሴ.ሜ. ያህል ሸሚዝ የሚታይበት ነው።

«ጀርባው ይታጠፋል» የሚለውም ዝርዝር ይፈልጋል፤ እጥፋት ሁሉ አንድ አይደለምና። ከኮሌታው ሥር አግድም የሚተኛ እጥፋት ካለ፣ ከአንገት በታች ጨርቁ በዝቷል ማለት ነው፤ ልብስ ሰፊው ኮሌታውን ፈትቶ ከግማሽ እስከ 1 ሴ.ሜ. ዝቅ አድርጎ ይመልሰዋል። ኮሌታው ከአንገት ተላቆ ክፍተት ከታየ፣ ባለቤቱ ወደፊት ጎንበስ የሚል ሰው ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ለሚውል ሠራተኛ ይህ የተለመደ ነው። የጀርባው ቁመት ስላነሰው የኮቱ የኋላ ጫፍም ወደ ላይ ይነሳል። ቁልፉ ሲዘጋ ከቁልፉ ዙሪያ መስቀል የሚሠራ ጭምድድ ካለ ወገቡ ጠቧል፤ የጎን ስፌቱን መልቀቅ ነው። እጥፋቱ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ አንዱ ትከሻ ዝቅ ያለ ነው፣ በዚያ በኩል ቀጭን ስፖንጅ መጨመር ያቃናዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ገንዘብ ስለማይጠይቅ። አዲስ ኮት ሲገዛ የኋላ ስንጥቁ በመስቀል ክር ተያይዞ ይመጣል፣ እጅጌው ላይም የፋብሪካው ምልክት ይሰፋል። ሁለቱም ለጉዞና ለመደርደሪያ የተደረጉ ናቸው፣ መፈታት አለባቸው። ስንጥቁ እንደተሰፋ የሚለብስ ሰው ሲቀመጥም ሲራመድም ኮቱ መቀመጫው ላይ ይወጠራል፤ ብዙ ሰው ጠበበኝ የሚለው ይህን ነው። የውጭ ኪሶቹን ግን እንደተሰፉ መተው ይሻላል፤ ስልክና ቁልፍ ከማይገቡበት ኪስ የበለጠ የኮት ቅርጽ የሚጠብቅ ነገር የለም።

ጽሑፉ ስለ ጨርቅ ያለው ላይ ግን እስማማለሁ። ፖሊስተር የበዛበት ሱፍ ቶሎ ያብለጨልጫል፣ ደረቱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ አረፋ አረፋ ይሠራል። ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ በርካሽ ኮት ደረት ውስጥ ያለው ማጠንከሪያ ጨርቅ በሙጫ የተለጠፈ ነው። ኮቱ ውኃ ውስጥ ሲነከር ወይም ካውያው ሲበዛበት ሙጫው በየቦታው ይላቀቃል፤ የተላቀቀው ቦታ ያብጣል። ይህ አንዴ ከሆነ አይመለስም። ስለዚህ ኮት አይዘፈዘፍም። አቧራው በብሩሽ ይራገፋል፣ ሰፊ ትከሻ ባለው ማንጠልጠያ ይሰቀላል፣ ሲቆሽሽ ለደረቅ እጥበት ይሰጣል። ሲተኮስ በመሐል እርጥብ የጥጥ ጨርቅ ይደረጋል፣ ካውያውም ከሁለት ነጥብ፣ ማለትም ከ150 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አያልፍም። ካውያ በቀጥታ ሲያርፍ የፖሊስተሩ ክር ይለሰልስና ይደፈጠጣል፤ መስታወት የሚመስለው ብልጭታ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ከውጭ አገር ለሚላክ ሱፍም ቃል አለኝ። አሜሪካ ያለ ዘመድ «ቁጥርህ ስንት ነው?» ሲል «50» ብሎ መመለስ ችግር ያመጣል። የአሜሪካው አቆጣጠር የደረት ዙሪያ በኢንች ነው፤ የአውሮፓው 50 እዚያ 40 ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል የቁመት ነው፤ አጭር፣ መካከለኛ፣ ረጅም። ቁመቱ ከ170 ሴ.ሜ. በታች የሆነ ሰው መካከለኛውን ሲያስልክ ኮቱ ጭኑ ድረስ ይወርድና «ሱፍ አጫጭር ያደርጋል» የሚለውን ወሬ ያጸድቃል። የሚላከው የደረት፣ የወገብና የቁመት ልክ በሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ላኪው ያሰላዋል።

ሁለተኛው ነጥብ «ሸሚዝን ሱሪ ውስጥ ከትቶ ቀበቶ ማሰር ሆድን ያጎላል፣ ሰውን ለሁለት ይቆርጣል» ነው። እውነቱ ሆድን የሚያጎላው ቀበቶው የሚታሰርበት ቦታ ነው። ላለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት የወንድ ሱሪ ወገቡ ዝቅ ብሎ ይቆረጣል። ሱሪው ከሆድ በታች ሲታሰር ሆዱ በላዩ ይንጠለጠላል፣ እግርም ያጥራል፤ ዓይን እግርን የሚቆጥረው ቀበቶ ካለበት ነውና። ሱሪው እምብርት አጠገብ ሲታሰር ግን ከፊት ያለው ጨርቅ ሆዱን ይዞ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሱሪ ሲገዛ መለካት ያለበት ወገቡ ብቻ አይደለም፤ ከፊት በኩል እግሮቹ ከሚገናኙበት ስፌት እስከ ወገቡ ጫፍ ያለው ቁመትም ነው። ለአማካይ ቁመት ሰው 22 ወይም 23 ሴ.ሜ. ከሆነ ዝቅ ያለ ሱሪ ነው፤ 28 አካባቢ ሲሆን እምብርት አጠገብ ይደርሳል።

ከወገቡ ሥር በየጎኑ አንድ ወይም ሁለት እጥፋት ያለው ሱሪ የአባቶች ሱሪ ነው ተብሎ ተንቋል። ለቦርጫምና ለወፍራም ጭን ግን ከዚህ የተሻለ አቆራረጥ የለም። ሰው ሲቀመጥ ጭኑና ዳሌው ይሰፋሉ፤ እጥፋቱ ተከፍቶ ቦታ ይሰጣል፣ ሲቆም ይከደናል። እጥፋት የሌለው ጠባብ ሱሪ ግን ቦታ ሲያጣ ኪሱን በጎን ይከፍታል፣ የተተኮሰው መስመርም ጭን ላይ ይጠፋል። ቀበቶው ሲታሰር የሱሪው ወገብ ከተሸበሸበ ሱሪው ሰፍቷል፤ ቀበቶ ማጥበቅ ሳይሆን የኋላ መሐል ስፌቱን መያዝ ነው። በተገላቢጦሹም የወንድ ሱሪ የኋላ ስፌት ውስጥ ብዙ ጊዜ ትርፍ ጨርቅ ይተዋል፤ ሰው ሲወፍር ወገቡ እስከ 4 ሴ.ሜ. ሊለቀቅ ይችላል። ሱሪ ከመጣል በፊት ገልብጦ ማየት ነው። ካኪ ሱሪ ጥጥ ስለሆነ በመጀመሪያው እጥበት ያጥራል። እግሩ ከመሰፋቱ በፊት አንዴ መታጠብ አለበት፤ በገዙት ቀን አሰፍተው ከሳምንት በኋላ ቁርጭምጭሚት የሚታይባቸው ሱሪዎች ምክንያታቸው ይህ ነው።

ሸሚዙስ? ከቀበቶው በላይ እየተነፋ የሚታየው በሁለት ጎን የተረፈ ጨርቅ ነው። ጀርባው ላይ ሁለት ረጃጅም የቁም እጥፋቶች ማሰፋት፣ እያንዳንዳቸው 2 ወይም 3 ሴ.ሜ. የሚይዙ፣ ጉዳዩን ይጨርሰዋል። ከሱሪ ውጪ አውጥቶ መልበስ ለሚፈልግ ደግሞ ጫፉን ማየት ነው። ጫፉ ክብ ሆኖ ከፊትና ከኋላ የሚረዝም ሸሚዝ እንዲከተት የተቆረጠ ነው፤ ውጪ ሲለበስ ጭንን ይሸፍንና እግርን ያሳጥራል። ቀጥ ያለ ጫፍ ያለው፣ የሱሪው ዚፕ አጋማሽ ላይ የሚቆም ሸሚዝ ነው ለውጪ የሚሆነው።

ጽሑፉ ባለ ኮሌታ ቲሸርትን «የቅዳሜ ዩኒፎርም» ብሎ ያልፈዋል፤ እኔም ብዙ አልቆይበትም። ይህ ልብስ የስፖርት ልብስ ነበር። ፈረንሳዊው የቴኒስ ተጫዋች ሬኔ ላኮስት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጭር እጅጌ ያለውን የጥጥ ሹራብ ለሜዳ አሠርቶ ለበሰው፣ በ1933 ደግሞ ለገበያ አወጣው። የኋላ ጫፉ ከፊቱ እንዲረዝም የተደረገው ተጫዋቹ ሲያጎነብስ ከሱሪው እንዳይወጣ ነው። የማያምረው በሁለት ምክንያት ብቻ ነው፦ የትከሻው ስፌት ክንድ ላይ ሲወርድ፣ ወይም እጅጌው ክርን ሲደርስ። እጅጌው የክንድ አጋማሽ ላይ ቆሞ ክንዱን ለስለስ አድርጎ መያዝ አለበት። ኮሌታው እንዳይጠቀለል ልብሱ ተገልብጦ ይታጠብ፣ ኮሌታው ተነጥፎ ይድረቅ፤ በገመድ ላይ በኮሌታው አይንጠልጠል።

የሴቶችን ልብስ በተመለከተ የተሰነዘረው ነቀፌታ ከሁሉ የከፋ ነው። «ጉርድና ጃኬት ዳሌን ያሰፋል፣ እግርን ያሳጥራል፣ ሴትን ያስረጃል» ይላል። ጉርዱ እንዲህ የሚያደርገው ጫፉ የሚያርፍበት ቦታ ሲሳሳት ነው። የጉርድ ጫፍ አግድም መስመር ነው፤ ያረፈበትን ቦታ ያሰፋዋል። ባት በጣም የሚወፍርበት ላይ ካረፈ እግር ወፍሮ አጥሮ ይታያል። ጉልበት ላይ ወይም ከጉልበት በታች እግር የሚቀጥንበት ላይ ካረፈ ግን ያው ጉርድ ሌላ ይሆናል። ልዩነቱ 4 ወይም 5 ሴ.ሜ. ብቻ ሊሆን ይችላል። መስታወት ፊት ቆሞ ጫፉን በመርፌ እየያዙ ከፍና ዝቅ ማድረግ፣ ከሚጫሙት ጫማ ጋር፣ ከማንኛውም ምክር ይበልጣል።

የዳሌው ነገር እንደገና የቁጥር ጉዳይ ነው። ወገቧ ቀጭን፣ ዳሌዋ ሰፊ የሆነ ሴት ብዙ ናት፤ የተሰቀለው ልብስ ግን ለእሷ አልተቆረጠም። በወገቧ ስትገዛ ጉርዱ ዳሌዋ ላይ ተወጥሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከወገቧ ሥር አግድም ሽብሽብ ይሠራል፣ ስንጥቁም ቆማም ይከፈታል። ደንቡ ጉርድን በዳሌ መግዛት፣ ወገቡን ማጥበብ ነው። ተወጥሮ እንዳይታይ በዳሌ ላይ ከሰውነት ልክ በላይ ቢያንስ 4 ሴ.ሜ. ትርፍ ይኑር። ወገቡ ከ5 ሴ.ሜ. በላይ ሲጠብ ሁሉን ከጎን መቁረጥ አይሆንም፤ ጎኑ ላይ ድንገተኛ ጉብታ ያወጣል። ከኋላ ባሉት ሁለት እጥፋቶችና በጎን ስፌቶች ላይ ተከፋፍሎ መያዝ አለበት። ሸሚዝም እንዲሁ ነው፤ ደረት ላይ እንዳይከፈት በደረት ይገዛል፣ ወገቡ ይጠባል። አሁንም ከከፈተ በሁለቱ ቁልፎች መሐል ተጭኖ የሚዘጋ ትንሽ ቁልፍ ከውስጥ ማሰፋት ነው። ጃኬቱ ዳሌ በጣም በሚሰፋበት ላይ እንዳይቆም፤ ወይ ከዳሌ አጥንት በላይ፣ ወይ ሰፊውን ቦታ አልፎ ይቁም። ቁልፉ ወገብ በሚቀጥንበት ልክ ካልገጠመ 2 ሴ.ሜ. ወደ ላይ መዛወሩ እንኳ መልክ ይለውጣል።

ወደ ቀለም ስንመጣ ጸሐፊው ግራጫ፣ ጥቁር ሰማያዊና ሽሮ መልክ «ጠይም ፊትን ያጠፋሉ» ይላል። ከፊት አጠገብ ያለው ኮቱ አይደለም፤ ሸሚዙና ሻርፑ ናቸው። ፊትን የሚያፈካው በቆዳና በአንገት ዙሪያ ባለው ቀለም መካከል ያለው ልዩነት ነው። ጠይም ሰው ሽሮ መልክ ሸሚዝ ሲለብስ ቀለሙ ከቆዳው ስለሚቀራረብ ፊቱ ይደበዝዛል፤ ይህ እውነት ነው። ያው ሽሮ መልክ ሱሪው ላይ ሲሆን ግን ምንም አይጎዳም፣ ከላይ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ሸሚዝ ካለ። ግራጫ ኮትም ከነጭ ሸሚዝና ከወይን ጠጅ ከረባት ጋር ለጠይምም ለጠቆረም ፊት ይሆናል። ቀለም የሚመረጠው ግን ከሱቁ ወጥቶ በፀሐይ ብርሃን ነው። ሱቅ ውስጥ ባለው መብራት ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ አይለዩም፤ ከተለያየ ቦታ የተገዙ ኮትና ሱሪ መንገድ ላይ ሲወጡ የሚለያዩት ለዚህ ነው።

የሀበሻ ልብስ «ማንም ላይ ያምራል» የተባለውን ማንም አይክድም፤ ምክንያቱ ግን መነገር አለበት። ነጠላና ጋቢ የሚያምሩት ስለሚደረቡ ነው፣ ልክ የላቸውም። ሰፋ ያለው የድሮ ቀሚስም ወገብን በመቀነት ነው የሚይዘው። ዛሬ ሽሮ ሜዳ የሚሰፋው ዚፕ ያለው፣ ሰውነት ላይ የሚጣበቀው ቀሚስ ግን እንደ ሱፉ ሁሉ በልክ የተቆረጠ ልብስ ሆኗል፤ ችግሩንም ወርሷል። እንዲያውም ይብስበታል። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ክሩ ላላ ያለ ስለሆነ ሲወጠር ከስፌቱ ይሸሻል፤ ዳሌና ብብት ላይ ቀዳዳ የሚመስል መስመር ይታያል። ስለዚህ ጠበቅ ያለ የጥጥ ገበር ያስፈልገዋል፣ ውጥረቱን የሚሸከመው ገበሩ እንዲሆን። ዳሌ ላይ 6 ሴ.ሜ. ያህል ትርፍ ይተውለት። ቁመቱም ቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ጥለቱ ጫፉ ላይ ተሸምኖ ስለሚመጣ ከታች ማሳጠር አይቻልም፣ ከወገብ በኩል ነው የሚያጥረው። የሀበሻ ቀሚስ ቢሮ ይለበስ ማለት መልካም ነው። ሱፍ ያላመረበትን ሰው ያለ ልኬት ያሳምራል ማለት ግን ስህተት ነው።

በመጨረሻ ጸሐፊው ይህ መደብ «ላለመታየት ነው የሚለብሰው» ብሎ ፍርሃትን ምክንያት ያደርጋል። ይህ ፍርድ ያሳዝነኛል። አንድ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ያለው መምህር በዚያው ሱፍ ያስተምራል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሽምግልና ይሄዳል፣ ወንድሙን ይድራል። ጭምት ቀለም የመረጠው ለአራቱም ቦታ እንዲሆነው ነው፤ ለሚሄድበት ሰው አክብሮት፣ ለቤቱ በጀት አስተዋይነት ነው። ሊወቀስ የሚገባው ይልቅ ለሠራተኞቹ ዩኒፎርም ሲያሰፋ የሰውን ሁሉ ልክ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ብሎ በሦስት ዓምድ የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት ነው። በጨረታው ሰነድ ላይ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የጀርባ ቁመት፣ የእጅጌ ቁመት፣ የሱሪ ወይም የጉርድ ቁመት እንዲለካ፣ ልብሱም ስፌቱ ሳይጠብቅ አንድ ጊዜ እንዲሞከር መጻፍ ይቻላል። ሙከራው ላይ ሠራተኛው ይቀመጥ፣ ሁለት እጁን ወደፊት ይዘርጋ፣ ደረጃ ይውጣ፤ ቆሞ ሲታይ ልክ የመሰለ ኮት ጉድለቱ የሚወጣው ወንበር ላይ ነው፣ ስፌቱን ለመልቀቅም ያኔ ገና ጊዜ አለ።